251 እና 291

አዲስ አበባ፣ ዊንጌት ላይ ቆሞ ወደ አስመራ የሚደውል ሰው በ00291 ይጀምራል። የኢትዮጵያ መለያ ቁጥር 251 ስለሆነ ሁለቱን የሚለያቸው አንድ አኃዝ ብቻ ነው። ያም ሆኖ ከ1990 ዓ.ም. የባድመ ጦርነት እስከ ሐምሌ 2010 ዓ.ም.፣ ሃያ ዓመት ያህል፣ በቀጥታ መደወል አይቻልም ነበር። በድንበሩ ላይ የኮንክሪት ግንብ አልተሠራም፤ መለያያው የቆመው ቴሌ ማዞሪያ ውስጥ ነው። ከአገር አገር ጥሪ የሚያልፈው የሁለቱ አገሮች ቴሌኮም ድርጅቶች መስመራቸውን ለማገናኘት ሲስማሙ ነው። ስምምነቱ ከፈረሰ ስልኩ ደኅና ሆኖ ሳለ ጥሪው መሄጃ ያጣል።

የተቆረጠው የሥጋ ዝምድና ነበር። በጦርነቱ ወቅት ወደ 75,000 የሚገመቱ ኤርትራውያንና ትውልደ ኤርትራውያን ከኢትዮጵያ ተባረሩ፤ ብዙዎቹ የትዳር ጓደኛ ወይም ልጅ እዚሁ ትተው ነው የሄዱት። በጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አቶ መለስ ዜናዊ እንኳ በእናታቸው በኩል ከኤርትራ ይወለዱ ነበር። ውጭ አገር ዘመድ ያለው በእሱ በኩል ወሬ ይለዋወጥ ነበር፤ የሌለው የቀይ መስቀል መልእክት ይጠብቅ ነበር። መስመሩ ሲከፈት ከሁለቱም ወገን ሰዎች የማያውቁትን ቁጥር እየደወሉ እንግዳ ሰው ሰላም ሲሉ ዋሉ። የናፍቆቱን ልክ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

«ጠላት በስልክ ይሰልላል» የሚለው ስጋት ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ሰላይ ሌላ መንገድ አያጣም። መስመር ሲዘጋ የሚጎዱት መርዶ እንኳ ሳይደርሳቸው የሚቀሩ አዛውንቶች ናቸው። በትግራይ ጦርነት ጊዜም ስልክ ለብዙ ወራት ተቋርጦ፣ አዲስ አበባ ያለ ልጅ መቀሌ ያሉ ወላጆቹ በሕይወት መኖራቸውን ሳያውቅ ከርሟል። «ዛሬማ ኢንተርኔት አለ» ለሚሉም፣ ኤርትራ ውስጥ ኢንተርኔት የጥቂቶች ነው፤ እናት የምታነሳው ተራ ስልክ ነው። «መጀመሪያ ሰላም ይውረድ፣ ስልኩ ይደርሳል» የሚለውን ደግሞ በርሊን ትመልሰዋለች። በ1952 እ.ኤ.አ. በምሥራቅና በምዕራብ በርሊን መካከል የተቆረጠው ስልክ በ1971 በጥቂት መስመሮች ሲቀጠል ከተማዋን የከፈለው ግንብ ገና እንደቆመ ነበር፤ እስኪፈርስም ሌላ 18 ዓመት ቀርቶት ነበር።

እኛ ዘንድ ሁሉም አንድ ላይ ተከፍቶ አንድ በአንድ ይዘጋል። በ2011 ዓ.ም. አዲስ ዓመት የተከፈተው የዛላምበሳ ድንበር መሻገሪያ ታኅሣሥ ላይ ተዘጋ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የአስመራ በረራም በነሐሴ 2016 ቆመ። በርና በረራ የመንግሥታት ጉዳይ ሆነው ይቆዩ ቢባል እንኳ፣ ስልክ እንደ ቀይ መስቀል ደብዳቤ በጠብም ጊዜ የማይነካ መሆን አለበት። ሁለቱ መንግሥታት ይህን አንድ ነገር ብቻ ለይተው፣ ጽፈው ይፈራረሙበት።