ባዶ ሰሌዳ ሁሉ ነፃ ሰዓት አይደለም



ባለፈው ሴሚስተር ለመውጫ ፈተና የሚዘጋጁ ተመራቂዎቻችን አንድ ሐሙስ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ክፍል ውስጥ ተሰብስበው ነበር። ከእኛው ጀመዓ ተመርቃ አዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት የምትሠራ እህታችን በኢንተርኔት ልታስጠናቸው ቃል ገብታለች። «ካላንደሬን ከፍቼላችኋለሁ፤ ባዶ ሆኖ ያገኛችሁትን ሰዓት ያዙ» ብላን ስለነበር፣ የሐሙሱ 9 ሰዓት ባዶ መሆኑን አይተን ረቡዕ ማታ ጥሪውን በኢሜይል ላክን። ተማሪው በደብረ ማርቆስ ብርድ እስከ 10 ሰዓት ቁጭ ብሎ ጠበቀ። እህታችን አልመጣችም፤ ስልኳም አይነሳም። ከመካከላችን «ሥራ ከያዙ በኋላ እኮ ይረሱናል» ያለ ነበር። እኛም ዝም ብለን ሰማነው።

ማታ ስትደውል ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ከጠዋት ጀምሮ ስብሰባ ላይ ነበረች፤ ስብሰባውም በካላንደሯ ላይ ከተመዘገበ ሳምንት አልፎታል። ጥሪያችንን ያየችው ከሥራ ስትወጣ ነው። እኛ ያየነው ባዶ ቦታ ነፃ ሰዓት አልነበረም፤ የመሥሪያ ቤቷ ሰርቨር ለእኛ መልስ ስላልሰጠ የተፈጠረ ባዶነት ነበር። ይቅርታ ጠይቀናታል። ይህን ያዘጋጀነውም ሌላ እህት ወይም ወንድም በማሽን ዝምታ ምክንያት ቃል አፍራሽ ተብሎ እንዳይጠረጠር ነው።

ሰርቨሮች እንዴት ይጠያየቃሉ?

አንድን ሰው ለስብሰባ ስንጠራ ስልካችን የዚያን ሰው ስልክ በቀጥታ አይጠይቅም። የሚጠይቀው የራሳችንን የኢሜይል ሰርቨር ነው። ሰርቨሩ የተጠሪውን አድራሻ አይቶ የራሱ ተቋም ሰው ከሆነ ከራሱ መዝገብ ይመልሳል። የሌላ ተቋም ሰው ከሆነ ግን የዚያን ተቋም ሰርቨር ፈልጎ «ይህ ሰው በዚህ ሰዓት ሥራ አለው?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ያኛውም ጠያቂው ፈቃድ እንዳለው ያጣራል። ፈቃድ ካለው ብዙውን ጊዜ የሚመልሰው «ከዚህ እስከዚህ ሰዓት ተይዟል» የሚለውን ብቻ ነው፤ የስብሰባውን ርዕስ አይናገርም።

ልዩ ልዩ ድርጅቶች የሠሯቸው ካላንደሮች የሚግባቡበት አይካላንደር የሚባል የጋራ መስፈርት አለ። በ1998 እ.ኤ.አ. ወጥቶ በ2009 እ.ኤ.አ. ታድሷል። መስፈርቱ ቋንቋውን አንድ ያደርጋል እንጂ ማንንም በርህን ክፈት ብሎ አያስገድድም። ስለዚህ በሩ ሲዘጋ አንዱ ፕሮግራም የስህተት መልእክት ያወጣል፤ አውትሉክ «መረጃ የለም» ለማለት ሰዓቱን በሰያፍ መስመር ይሸፍነዋል፤ ሌላው ደግሞ ነጭ አድርጎ ይተወዋል። አደገኛው ይህ የመጨረሻው ነው።

ችግሩ የት እንዳለ መለየት

አንደኛ፣ ችግሩ የአንድ ሰው ነው ወይስ የሁሉም? ከዚያው ተቋም የሌላ ሰው ካላንደር ለማየት ሞክሩ። እነሱስ የእናንተን ያያሉ? ማንም ማንንም ካላየ ጉዳዩ የሁለቱ ተቋማት ሰርቨሮች ነው፤ የሚፈቱትም የአይሲቲ ባለሙያዎች ናቸው። ስታመለክቱ የሁለቱን ወገን አድራሻ፣ የሞከራችሁበትን ቀንና ሰዓት፣ የወጣውን የስህተት መልእክት ቃል በቃል ጻፉላቸው። «አልሠራም» ብቻ ብሎ መጻፍ ባለሙያውንም እናንተንም ያደክማል።

ሁለተኛ፣ የአንድ ሰው ብቻ ከሆነ ፈቃዱን እንዲያይ ንገሩት። ካላንደሩን ያጋራው ለትክክለኛው አድራሻችሁ ነው? ለጂሜይላችሁ ያጋራውን በዩኒቨርሲቲው ኢሜይል ብትፈልጉት አታገኙትም።

ሦስተኛ፣ ቀጠሮው የተመዘገበው የት ነው? ብዙዎቻችን በአንድ ስልክ ላይ ሁለት ሦስት አካውንት አለን። በግል አካውንት ወይም ስልኩ ላይ ብቻ የተጻፈ ቀጠሮ በተቋሙ ካላንደር ላይ አይታይም።

አራተኛ፣ «ሙሉ ቀን» ተብሎ የተመዘገበ ነገር ካልቀየራችሁት በጎግል ካላንደርም በአውትሉክም «ነፃ» ተብሎ ይቀመጣል። የፈተና ቀናችሁን እንዲህ ከመዘገባችሁ ሌላው ሰው ነፃ ናችሁ ብሎ ያስባል። ገብታችሁ «ቢዚ» አድርጉት።

አምስተኛ፣ መረጃው መቼ የመጣ ነው? በሊንክ የተጋራ ካላንደር ለውጡን ለማሳየት ብዙ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል። ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ ስልካችን የሚያሳየን ቀድሞ የያዘውን ነው። የዛሬን ቀጠሮ በትናንት መረጃ አትያዙ።

የእኛ ሰዓት፣ የእኛ ቀን

ፈቃዱም ግንኙነቱም ተስተካክሎ ቀጠሮው ቦታውን የሚስትበት ጊዜ አለ። ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ለማለት 8፡00 ብላችሁ ከጻፋችሁ ኮምፒውተሩ የሚይዘው ጠዋት 2 ሰዓትን ነው። 6 ሰዓት መጨመር ወይም መቀነስ እንዳትረሱ።

በዊንዶውስ የታይም ዞን ዝርዝር ውስጥ አዲስ አበባ የሚል ስም የለም፤ የእኛን ሰዓት የያዘው ናይሮቢ የሚለው ነው። ካይሮን የመረጠ ሰው ግን፣ ግብፅ ሰዓቷን በዓመት ሁለት ጊዜ ስለምትቀይር፣ ከፊሉን ዓመት ትክክል ይሆንና ከፊሉን በአንድ ሰዓት ይዛባበታል።

«በየዓመቱ ድገም» የሚለውንም በጥንቃቄ ተጠቀሙበት። መስከረም 1 ቀን 2016 በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12 ነበር፤ በ2017 ግን ሴፕቴምበር 11 ላይ ዋለ። የሂጅራው ዓመት ደግሞ 11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር ረመዳንንና ዒድን እንዲህ መዝግቦ መተው አይሆንም። ጁሙዓን ግን በየሳምንቱ እንዲደጋገም አድርጋችሁ «ቢዚ» በሉት፤ የቡድን ሥራ የሚያቅዱ የክፍል ጓደኞቻችሁ አይተው ሌላ ሰዓት ይመርጣሉ።

እኛ ከዚያ ሐሙስ በኋላ አንድ ልማድ ይዘናል። ካላንደር ሰዓት ለመምረጥ ይረዳናል፤ ቀጠሮው ተያዘ የምንለው ግን ሰውየው ራሱ «እሺ» ሲል ብቻ ነው። ጥሪ ከተላከ በኋላ አንዳችን እንደውላለን። ባዶ ቦታ ስናይም «ነፃ ነው» ከማለታችን በፊት «ተጠይቆ መልሷል ወይ?» እንላለን። ሰው ሲቀርም ፍርዳችንን እናዘገያለን።

እህታችን በቀጣዩ ሳምንት ሐሙስ በ9 ሰዓት መጥታ አስጠናች። በዚያ ቀን አስቀድመን ደውለንላት ነበር።