ሺቱ «ይበቃል» ቢልም የቡሎኑን ራስ እዩት

ይህን ጽሑፍ በስልክ እያነበባችሁ ከሆነ፣ ኔትወርኩን የሚያደርሳችሁ የብረት ማማ በቡሎን የተያያዘ ሳይሆን አይቀርም። መካነ ሰላምን የሚያውቅ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ከተማዋ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከቦረና ደጋ ወደ ጎጃም አቅጣጫ ሲሄዱ መሬቱ ተቆርጦ ወደ አባይ ሸለቆ ይወርዳል። እንዲህ ባለ አገር ማማ የሚተከለው ነፋስ በሚበረታበት ጉብታ ላይ ነው። ብረቱ ተቆራርጦና ተበስቶ በመኪና ይመጣል፣ ከዚያ ሰው ተሸክሞት ወጥቶ እዚያው ይገጣጠማል። ብየዳ መብራት ወይም ጀነሬተር ይፈልጋል፣ እጁ የሰላ በያጅ ይፈልጋል፣ ዝገት የሚከላከለውን የዚንክ ልባስም ያቃጥላል። ለቡሎን ግን መፍቻና ሁለት ክንድ ይበቃል።

ችግሩ ያለው ሒሳቡ ላይ ነው። አንድ ማማ ወይም አንድ የመጋዘን ጣሪያ በመቶዎች የሚቆጠር መጋጠሚያ አለው። እያንዳንዱ መጋጠሚያ ደግሞ አንድ ጥያቄ ብቻ አይደለም የሚጠይቀው። ቡሎኑ በመቀስ እንደተያዘ ሽቦ ይቆረጣል ወይ? የቀዳዳው ግድግዳ እንደ አሮጌ ቀበቶ ቀዳዳ ይለጠጣል ወይ? ላሜራው በቀዳዳዎቹ መስመር እንደ ቴምብር ተቀዶ ይወጣል ወይ? ከነዚህ ውስጥ ትንሹን አቅም የሰጠው መልስ የመጋጠሚያው እውነተኛ አቅም ነው። ሌሎቹ ምንም ያህል ትልቅ ቢሆኑ አይረዱም።

በቁጥር እንየው። ኤም20 የሚባለው ቡሎን፣ ግሬድ 8.8 ከሆነ፣ በጥርሱ በኩል 245 ካሬ ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። የብረቱ የመጨረሻ ጥንካሬ በካሬ ሚሊ ሜትር 800 ኒውተን ነው። በዩሮኮድ 3 ቀመር 0.6 ሲባዛ 800 ሲባዛ 245፣ ሲካፈል ለ1.25 ማለት 94 ኪሎ ኒውተን ነው፤ ዘጠኝ ቶን ተኩል ገደማ። ጥሩ። አሁን ይህ ቡሎን 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው፣ ጥንካሬው 430 በሆነ ላሜራ ውስጥ ገባ እንበል፤ ቀዳዳው 22 ሚሊ ሜትር ነው። ከቀዳዳው መሐል እስከ ላሜራው ጫፍ 40 ሚሊ ሜትር ካለ፣ ላሜራው 104 ኪሎ ኒውተን ይችላል። ስለዚህ የሚወስነው ቡሎኑ ነው፣ 94።

ያው ቀዳዳ ወደ ጫፉ 10 ሚሊ ሜትር ቢጠጋስ? 30 ሚሊ ሜትር በደንቡ የተፈቀደ ነው፤ ለዚህ ቀዳዳ ዝቅተኛው 26.4 ነውና። ነገር ግን የላሜራው አቅም ወደ 78 ይወርዳል። አሁን የሚወስነው ላሜራው ነው። በጠባብ ብረት ላይ በሳዩ ትንሽ ቢስት ከአቅሙ 16 ኪሎ ኒውተን ጠፋ ማለት ነው፣ ቡሎኑ ግን ያው ቡሎን ነው! ይህን በእጅ ለመቶ መጋጠሚያ የሚሠራ ሰው አርባኛው ላይ ይደክመዋል። አርባ አንደኛው ላይ ደግሞ «ከላይኛው ጋር አንድ ነው» ብሎ ያልፈዋል።

ኤክሴል የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በአንድ ገጽ የቡሎኖች ሰንጠረዥ ታስቀምጣላችሁ፦ ኤም12 84.3፣ ኤም16 157፣ ኤም20 245፣ ኤም24 353። በሌላው ገጽ ኃይሉን፣ የላሜራውን ውፍረት፣ ርቀቶቹን ትሞላላችሁ። ቪሉክአፕ የቡሎኑን ስፋት ያመጣል፣ ሚን የሚባለው ፎርሙላ ከሦስቱ ትንሹን ይመርጣል፣ ኢፍ ደግሞ «ይበቃል» ወይም «አይበቃም» ይላል። በቃ። ቪቢኤ የሚችል ሰው አልፎ ይሄዳል፤ አጭር ፕሮግራም ጽፎ ለመቶው መጋጠሚያ አንድ በአንድ ቡሎን ያስመርጠዋል፣ የቀኑን ሥራ በደቂቃ ይጨርሳል። ለስልክ ተጠቃሚ ግን አንድ ማስታወሻ፦ የቪቢኤ ማክሮ በስልክ ኤክሴል ላይ አይሠራም። ኮምፒውተር በማይገኝበት ሳይት ስልካችሁን አውጥታችሁ ልታሰሉ ካሰባችሁ ተራ ፎርሙላ ይሻላል። ለዓይንም ግልጽ ነው፤ ጣታችሁን ሴሉ ላይ ስታሳርፉ ሒሳቡ ይታያል።

ይህን የምለው ምክንያት አለኝ። አንድ ጊዜ በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የኖረ የቡሎን ሺት ደረሰኝ። ያማረ ነበር፤ ቀለም፣ ሥዕል፣ አረንጓዴ «ኦኬ» ሳይቀር። የጫፉን ርቀት ከ40 ወደ 30 ቀየርኩት። መልሱ አልተነቃነቀም። ወደ 27 አወረድኩት፣ አሁንም አረንጓዴ። ሴሉን ስከፍት ፎርሙላ ሳይሆን በእጅ የተጻፈ ቁጥር ነበር። አንዱ፣ ምናልባት ፈተና ሲደርስበት፣ ለአንድ መልስ ብሎ ጽፎት ረስቶታል። ከዚያ በኋላ ስንት ሰው «ኮፒ» እንዳደረገው እግዜር ይወቅ።

እንዲህ ያለው ስህተት የተማሪ ብቻ አይደለም። በ2010 እ.ኤ.አ. ካርሜን ራይንሃርትና ኬኔት ሮጎፍ የሚባሉ ታዋቂ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ስለ መንግሥታት ዕዳ ያወጡት ጥናት ብዙ ፖለቲከኛ ጠቀሰው። ከሦስት ዓመት በኋላ ቶማስ ኸርንደን የተባለ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሺታቸውን ከፍቶ ሲያይ የአማካይ ፎርሙላው አምስት አገሮችን ሳይጨምር ቀርቶ አገኘው። ረድፉን ሲመርጡ ቀደም ብለው አቁመዋል፣ ያ ብቻ ነው። ስህተቱን ያገኘው ሴሉን የነካው ተማሪ ነው።

በዕዳ ጥናት ላይ ስህተት ክርክር ያመጣል፤ በብረት ላይ ሰው ይገድላል። በአሜሪካ ሚኒያፖሊስ በ1967 እ.ኤ.አ. የተከፈተ የአውራ ጎዳና ድልድይ ነሐሴ 1 ቀን 2007 እ.ኤ.አ. መኪኖች እንደሞሉበት ወንዝ ውስጥ ወደቀ። 13 ሰዎች ሞቱ፣ 145 ቆሰሉ። መርማሪዎቹ ጥፋቱን ያገኙት በትልልቆቹ ብረቶች ላይ አልነበረም። ብረቶቹ የሚገናኙበት ላሜራ ከሚያስፈልገው ውፍረት ግማሽ ያህሉን ብቻ ይዞ ነበር የተሠራው። የእነዚያን ላሜራዎች ስሌት ፈልገው አላገኙትም። ድልድዩ 40 ዓመት ቆሞ ነበር፤ ስለቆመ ግን ትክክል ነው ማለት አልነበረም።

ታዲያ የራሳችሁን ሺት ስትሠሩ ምን ታደርጋላችሁ? መጀመሪያ አንድ መጋጠሚያ በወረቀትና በእስክሪብቶ ሥሩ። ከላይ የሰጠኋችሁን መጠቀም ትችላላችሁ፦ 94፣ 104፣ 78። ሺታችሁ እነዚህን ካላመጣ ወደ ሌላ ነገር አትለፉ። ሁለተኛ፣ ሆን ብላችሁ አጣሙት። ላሜራውን 3 ሚሊ ሜትር አድርጉት፣ ቀዳዳውን ጫፉ ላይ አውጡት። «ይበቃል» ካለ ውሸታም ነው። በየትኛው ደንብ እንደተሠራም ከላይ ይጻፍ። በእኛ አገር በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው ኢቢሲኤስ 3 አለ፣ በ2015 እ.ኤ.አ. ዩሮኮዱን ተከትሎ የወጣው ኢኤስ ኢኤን 1993ም አለ። ግማሹን ከአንዱ፣ ግማሹን ከሌላው የቀዳ ሺት አጋጥሞኛል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ግን ሺቱ ፈጽሞ የማያየው ነገር ይቀራል፤ ገበያው። ግሬድ 4.6 ኤም20 ቡሎን ከ8.8ቱ ጋር ጎን ለጎን ቢቀመጥ በዓይን ልዩነት የለውም። ርዝመቱ አንድ፣ ውፍረቱ አንድ፣ ዳዶውም አንድ ነው። አቅሙ ግን ከ94 ወደ 47 ኪሎ ኒውተን ይወርዳል፣ ልክ ግማሽ። የሚለያቸው ራሳቸው ላይ የተቀረጸው ቁጥር ነው። ቁጥር የሌለውን ቡሎን ባለሱቁ «ያው ነው፣ ጠንካራ ነው» ቢልም እኔ አልገዛውም። ሳይቱ ከደሴ መንገድ ርቆ፣ መኪናው አንዴ ሄዷል ተብሎ፣ የጎደለ ቡሎን ከቅርብ ሱቅ ሲሟላ ነው እንዲህ ያለው የሚገባው።

ቡሎን በቀላሉ ይገጠማል፣ በቀላሉም ይፈታል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ከማስተላለፊያ ምሰሶዎች ላይ ብረት እየተፈታ እንደሚሰረቅ፣ ምሰሶም በዚህ ሰበብ እንደሚወድቅ በተደጋጋሚ አሳውቋል። ስሌቱ አራት ቡሎን ብሎ፣ ምሰሶው ላይ ሁለት ከቀረ የትኛውም ፎርሙላ አያድነውም።

ስለዚህ በራሴ ሺት ላይ አንድ ሴል ጨምሬያለሁ። «የተገዛው ቡሎን ራስ ላይ ምን ተጽፏል? ማን አየው?» ይላል። ቀይ ነው። ሰው ሳይቱ ላይ ቆሞ፣ ቡሎኑን ገልብጦ አይቶ፣ ስሙንና ቀኑን እስኪጽፍበት ድረስ ኢፍ ፎርሙላው «ይበቃል» የሚለውን ቃል አያወጣም።