በልምምድ ሜዳ የሚደርስ ጉዳት፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞች አካልና አእምሮ

የእሳት አደጋ ሠራተኛ ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው ደወሉን እያሰማ የሚከንፈውን ቀይ መኪና፣ መሰላሉንና የውሃ ቱቦውን ነው። ተጎዳ ሲባልም በነበልባል መካከል የተጎዳ ይመስለናል። ነገር ግን እነዚህ ሠራተኞች የሚጎዱት ቤት ሲቃጠል ብቻ አይደለም። የማንም ቤት ባልተቃጠለበት፣ ማንም ለእርዳታ ባልተጣራበት ቀን፣ በልምምድ ሜዳ ላይም ይጎዳሉ፤ ይሞታሉም። በዚህ ጽሑፍ ስለዚሁ ጉዳትና ከእርሱ ጋር ተያይዞ ስለሚመጣው የአእምሮ ሁከት ለመግለጽ እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ሠራተኛው የሚለብሰውን እንመልከት። ሙቀት የሚከላከለው ካፖርትና ሱሪ፣ ጫማው፣ የራስ ቁሩ፣ ጓንቱ፣ በጀርባ የሚታዘለው የታመቀ አየር ያለበት ሲሊንደርና የፊት ጭንብሉ በጠቅላላው ከ20 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናሉ። ይህን ሁሉ ተሸክሞ መሰላል መውጣት፣ ውሃ የሞላ ቱቦ መጎተት፣ የወደቀ ሰው ተሸክሞ ማውጣት ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያስቸግርም። ስለሆነም በልምምድ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚያጋጥመው ጉዳት ቃጠሎ ሳይሆን የወገብ ሕመም፣ የጡንቻ መሳሳብ፣ የጉልበትና የቁርጭምጭሚት ወለምታ ነው።

ከወለምታ የከፋው ግን የሚመጣው ከልብሱ ሌላ ጠባይ ነው። ልብሱ የውጭው ሙቀት እንዳይገባ እንደሚከለክል ሁሉ የሰውነትም ሙቀት እንዳይወጣ ያግዳል። የባዮሎጂ ተማሪዎች እንደሚያውቁት ሰውነታችንን የሚያቀዘቅዘው ላብ መውጣቱ ሳይሆን መትነኑ ነው። በዚያ ልብስ ውስጥ ላቡ ይወርዳል እንጂ እንደ ልብ አይተንም። ሰውነትም ሙቀቱን ለማስወጣት ብዙ ደም ወደ ቆዳ ይልካል፤ በላቡ ምክንያት ደግሞ የደሙ ፈሳሽ ይቀንሳል። ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ሲያንስ ልብ በእያንዳንዱ ምት የሚረጨውም ያንሳል። ስለዚህ ጉድለቱን ለመሙላት ምቱን እያፈጠነ ወደ መጨረሻው አቅሙ ይጠጋል። ደሙም በቀላሉ ወደ መርጋት ያዘነብላል። የሚያስደንቀው፣ ሠልጣኙ ከጭሱ ወጥቶ ከተቀመጠ በኋላም የውስጥ ሙቀቱ ለጥቂት ደቂቃዎች መጨመሩን ሊቀጥል መቻሉ ነው። «ወጥቷል፤ ተርፏል» ብሎ ከአጠገቡ ዞር ማለት ስሕተት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በ2007 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ከ1994 እስከ 2004 ድረስ በሥራ ላይ ሳሉ የሞቱትን የእሳት አደጋ ሠራተኞች መርምሯል። በልብ የደም ሥር ሕመም ከሞቱት ከመቶው 32 ያህሉ የሞቱት እሳት ሲያጠፉ ነበር። ከመቶው 12 ወይም 13 የሚሆኑት ግን የሞቱት የአካል ማጠንከሪያ ልምምድ ሲያደርጉ ነው። ለጥንካሬ ተብሎ የሚደረገው ልምምድ፣ ልቡ አስቀድሞ የታመመውን ሰው ሳይመረመር ሲያገኘው ይጥለዋል ማለት ነው።

አዲስ ምልምሎችን የሚያሰጋ ሌላም ነገር አለ። ያልለመደ ሰውነት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ በተለይም በሙቀት፣ ከልክ በላይ ሲሠራ የጡንቻ ሕዋሳት ይፈርሳሉ። ከውስጣቸው የሚወጣው ፕሮቲን ወደ ደም ይገባና ኩላሊትን ያውካል። ምልክቱ ከተለመደው ያለፈ የጡንቻ ሕመም፣ ድካምና እንደ ሻይ የጠቆረ ሽንት ነው። እንግዲህ ሠልጣኙ ይህን ሲያይ ለአሠልጣኙ ይናገራል ወይስ «ሰነፍ» እንዳይባል ይደብቃል? የአካል ጉዳትና የአእምሮ ጉዳት የሚገናኙት እዚህ ላይ ይመስለናል። ነገሩን በኋላ እንመለስበታለን።

ከሁሉም የሚያሳዝነው ግን በእውነተኛ እሳት በሚደረግ ልምምድ የሚደርሰው ሞት ነው። በ1982 በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት፣ ቦልደር በምትባለው ከተማ ሁለት የእሳት አደጋ ሠራተኞች በእንዲህ ያለው ልምምድ ሞቱ። ከዚህ የተነሣ የአገሪቱ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር በ1986 ልምምዱ የሚመራበትን ደንብ አወጣ። ሆኖም በ2001 በኒው ዮርክ ግዛት ሌርድስቪል በተባለ መንደር፣ ሥራውን ከጀመረ ጥቂት ሳምንታት ብቻ የሆነው የ19 ዓመት ወጣት፣ በሚቃጠል ቤት ፎቅ ላይ እንደ ተጎጂ ሆኖ እንዲጠብቅ ተደረገ። ከታች የተለኮሰው የስፖንጅ ፍራሽ እሳቱን በቅጽበት አባባሰው፤ ወጣቱም ሞተ። ልምምዱን የመሩት ኃላፊ ለፍርድ ቀርበው ጥፋተኛ ተብለዋል። በ2007 ደግሞ በባልቲሞር ከተማ በባዶ ቤት ውስጥ እሳት በብዙ ስፍራ ተለኩሶ አንዲት ሠልጣኝ ሞተች። በሕይወት ያለ ሰው በተጎጂ ስም በእሳት ውስጥ እንዳይቀመጥ፣ እንዲህ ባለው ቤትም በአንድ ጊዜ ከአንድ እሳት በላይ እንዳይለኮስ ደንቡ ይከለክላል። ደንቡ ተጽፎ ነበር፤ አልተፈጸመም እንጂ።

ልምምዱ ይላላ ማለታችን አይደለም። ጭስ ምን እንደሆነ በልምምድ ያላወቀ ሰው በእውነተኛው ቀን ራሱንም ጓደኛውንም ያጠፋል። የምንለው፣ አሠልጣኙ የልምምዱን ልክ ያስቀምጥ ነው። እዚህ ላይ የመምህርነት ሙያ ጓደኞቻችን ልብ እንዲሉልን የምንፈልገው ነገር አለ። ሠልጣኙ ወደ እሳቱ ጥቂት ጊዜ ገብቶ ይመረቃል። አሠልጣኙ ግን ከየምድቡ ጋር እየገባ ዓመቱን ሙሉ ሲለበለብ ይኖራል። በእንግሊዝ አገር በአሠልጣኞች ላይ የተደረጉ ጥናቶች በደማቸው ውስጥ የቁጣ ምልክት የሚሆኑ ንጥረ ነገሮች ከፍ ብለው መገኘታቸውን ገልጸዋል። ይህ ሰው «ደከመኝ» ለማለት ከሠልጣኙ ይልቅ ያፍራል።

ወደ አእምሮው ጉዳይ እንመለስ። በ2020 በለንደን አንድ ወጣት ሠልጣኝ ሕይወቱን በራሱ እጅ አጠፋ። ቤተሰቡ በሥራ ቦታው በደል ደርሶበታል ብሎ አመለከተ፤ የከተማው የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤትም ጉዳዩ በውጭ ሰው እንዲመረመር አደረገ። በ2022 መጨረሻ የወጣው ሪፖርት በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ማስፈራራት፣ የዘር ንቀትና ሴቶችን ማዋረድ ሥር ሰዶ መኖሩን አጋለጠ። እንግዲህ የሠራተኛውን አእምሮ የሚጎዳው ያየው ሬሳና የሰማው ጩኸት ብቻ አይደለም፤ አብሮት የሚበላውና የሚያድረው ጓድም ሊሆን ይችላል። በልምምድ ተጎድቶ ቤት የሚውለውም ሕመሙ እንቅልፍ ከመንሣቱ ሌላ ከጓዶቹ በመለየቱ፣ «እመለስ ይሆን?» በሚል ሐሳብ ይብሰለሰላል። ይህን ፈርቶ ጉዳቱን የደበቀው ደግሞ ትንሹን ወለምታ ያከፋዋል።

ስለ አደጋው ራሱ ብዙ የተማርነው ከአውስትራሊያ ነው። በየካቲት 1983 በቪክቶሪያና በደቡብ አውስትራሊያ የተነሣው የሰደድ እሳት 75 ሰዎችን ገደለ። አሌክሳንደር ማክፋርሌን የተባሉት የአእምሮ ሐኪም እሳቱን የተዋጉ 469 በጎ ፈቃደኞችን ለረጅም ጊዜ ተከታተሉ። ሕመሙ የሚታወቀው አደጋው በሕልምና በሐሳብ ተመላልሶ ሲመጣ፣ በትንሽ ድምፅ መደንገጥ ሲበዛ፣ አደጋውን ከሚያስታውስ ነገር ሁሉ መሸሽ ሲጀመር ነው። ሐኪሙ እንዳገኙት የታመሙት እሳቱን በቅርብ ያዩት ብቻ አልነበሩም፤ ቀደም ሲል የነበረ የመንፈስ ችግርም ድርሻ ነበረው። በአንዳንዶቹ ላይ ሕመሙ የታየው ከብዙ ወራት በኋላ ነው።

በዚያው በ1983 ጄፍሪ ሚቼል የተባሉ፣ ራሳቸውም በእሳት አደጋ ሥራ ያገለገሉ አሜሪካዊ፣ ከአደጋ በኋላ ሠራተኞችን በአንድነት ሰብስቦ የደረሰውን ማናገር የሚል ዘዴ አቀረቡ። ዘዴው በብዙ አገሮች ተስፋፋ። በኋላ የተደረጉ ምርመራዎች ግን አንድ ጊዜ ብቻ የሚደረግ የግዴታ ንግግር ሕመሙን እንደማይከላከል፣ አንዳንዱንም እንደሚያብስ አመለከቱ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2013 ይህ ዘዴ ሕመሙን ለመከላከል ተብሎ እንዳይሠራበት መክሯል። ቁስሉ ገና ሳይደርቅ ሁሉም ያየውን በጉባኤ ይዘርዝር ማለት እኛንም ከመጀመሪያው አያሳምነንም።

አሁን የሚመከረው የተለየ ነው። በመጀመሪያው ሰዓት ውሃ፣ ዕረፍት፣ ከቤተሰብ ጋር መገናኘት፤ መናገር የፈለገውን መስማት፣ ያልፈለገውን አለማስገደድ። ከጓዶቹ መካከል ለዚሁ የሠለጠነ ሰው በማግሥቱ ብቻ ሳይሆን ከሳምንታትና ከወራትም በኋላ ሄዶ «እንዴት ሰነበትክ?» ይለዋል። እንቅልፉ ያልተመለሰለትን፣ መጠጥ ያበዛውን፣ ከሰው የራቀውን ወደ ሐኪም ይመራዋል።