ለታመመ የጉልበት ጅማት የትኛው እንቅስቃሴ ይሻላል?

ከጉልበታችን ሎሚ ሥር አንድ ወፍራም ጅማት አለ። ሎሚውን ከቅልጥም አጥንት ጋር ያያይዛል። ቁጭ ብድግ ስንል፣ ቁልቁለት ስንወርድ፣ ስንዘል ጭነቱ በእሱ ያልፋል። ከአቅሙ በላይ ሲሠራ ይታመማል። መዝለል የሚበዛባቸው የመረብ ኳስ ተጫዋቾች ይህን ሕመም በደንብ ያውቁታል። ኳስ ነክቶ የማያውቅ ሰውም ድንገት ሥራ ሲበዛበት ያገኘዋል።

«ታዲያ ማረፍ ነዋ!» የሚል አይጠፋም። ጥቂት ቀን ማሳረፍ ባልከፋ። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ሥራ የፈታ ጅማት ይብሱን ይደክማል፤ ወደ ሥራ ስንመለስ ሕመሙም ይመለሳል። ጅማት የሚጠነክረው በልኩ ሲጫን ነው። እንዴት እንጫነው?

አንዱ መንገድ ሳይነቃነቁ መቆየት ነው። ጀርባችሁን ለግድግዳ ሰጥታችሁ፣ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሰው ጉልበታችሁን አጥፋችሁ፣ በቀስታ እስከ 45 ቁጠሩ። ሁለት ደቂቃ እያረፋችሁ 5 ጊዜ ድገሙት። ለአንዳንዱ ሰው ሕመሙን ወዲያው ያበርድለታል፤ ለሁሉም ግን አይደለም።

ሌላው፣ በታመመው እግር ብቻ ቆሞ በዝግታ ዝቅ ማለትና በደህናው እግር መነሳት ነው። ይህ በየቀኑ፣ ያውም በቀን ሁለት ጊዜ ይሠራል። ያማል፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ይሰለቸዋል።

እኔ የምመርጠው ሸክም ይዞ በሁለቱም እግር መሥራቱን ነው። 3 እስኪቆጠር መውረድ፣ 3 እስኪቆጠር መነሳት። በሳምንት 3 ቀን ብቻ ስለሚሠራ ጅማቱ በመካከሉ ያርፋል። ሲጀመር በቀላል ሸክም 15 ጊዜ ነው፤ ሳምንታት ሲያልፉ ሸክሙ እየጨመረ ቁጥሩ እስከ 6 ይወርዳል። ብረት መግዛት አያስፈልግም፤ በልክ የተሞላ የእህል ጆንያ ይበቃል። ለገበሬ ጆንያ መሸከም ማስተማር ያስቃል፤ ልዩነቱ ግን ዝግታው ላይ ነው።

የዴንማርክ ተመራማሪዎች በ2009 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ባወጡት ጥናት እነዚህን ሁለቱን ከመርፌ ጋር አወዳድረዋል። በ12 ሳምንት ሦስቱም ወገን ተሻላቸው። ግማሽ ዓመት ሲሞላ ግን መርፌ የተወጉት ሕመሙ አገረሸባቸው፤ እንቅስቃሴ የሠሩት እንደተሻላቸው ቆዩ። ይበልጥ የረኩትም በከባድ ሸክም በዝግታ የሠሩት ናቸው።

ስትሠሩ ትንሽ ቢጠዘጥዛችሁ፣ በማግስቱ ከቀለለ አያስፈራም። ከባሰ ሸክሙን ቀንሱ። ጉልበቱ ካበጠ፣ ከጋለ ወይም ወድቃችሁ ከተመታ ግን ነገሩ ሌላ ሊሆን ስለሚችል፣ ቁጭ ብድጉን ትታችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ።