እንቁላሉ በእግሩ አይሄድም

ስኪም የሚባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ጄራልድ ሰስማንና ጋይ ስቲል ኤምአይቲ ውስጥ የፈጠሩት እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ዛሬ ብዙ ዓይነት ስኪም አለ፤ እኔ የምጠቀመው ፊሊክስ ቪንክልማን የጀመረውን ቺክንን ነው። አዎ፣ ዶሮ ማለት ነው። ተጨማሪ ላይብረሪዎቹም «እንቁላል» ይባላሉ፤ ቀልድ እንዳይመስላችሁ።

ቺክን ሁለት መንገድ አለው። ሲኤስአይ የሚባለው ኢንተርፕረተር ኮዳችሁን እዚያው እያነበበ ያስኬደዋል። ሲኤስሲ ደግሞ ኮዱን መጀመሪያ ወደ ሲ ቋንቋ ይቀይረዋል፤ ከዚያ የሲ ኮምፓይለር ራሱን የቻለ ፕሮግራም ያደርገዋል። ችግሩ ያለው «ራሱን የቻለ» የምትለዋ ላይ ነው።

አንድ የማውቀው ተማሪ የመመረቂያ ሥራውን ኮምፓይል አድርጎ በፍላሽ ይዞ ሄደ። የሚያቀርብበት ኮምፒውተር ላይ ቺክን አለ፣ እንቁላሉ ግን የለም። ፕሮግራሙ ገና ሲከፈት ኤክስቴንሽኑን መጫን አልቻልኩም ብሎ ቆመ። «በኢንተርፕረተሩ ሞክረው» አሉት፤ ያው ነው።

ቺክን-ኢንስቶል እንቁላሉን ሲጭን ኮምፓይል አድርጎ ለብቻው በፋይል ያስቀምጠዋል። ኮዳችሁ ውስጥ «ኢምፖርት» ካላችሁ፣ ኢንተርፕረተሩም ሆነ ኮምፓይል የተደረገው ፕሮግራም ሲሮጥ የሚፈልገው ያንኑ ፋይል ነው። ኮምፓይለሩ የእንቁላሉን ስሞችና ማክሮዎች ያያል እንጂ ሥራውን የሚሠራውን ክፍል እዚያው ውጭ ይተወዋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የቺክኑ ግን ወደ ሌላ ማሽን በራሱ አይሄድም።

በነገራችን ላይ፣ «ኢንተርፕረተሩ እኮ ያን ያህል ቀርፋፋ አይደለም» የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚለኩት እንቁላሉን ነው። ከባዱን ሥራ የሚሠራው እሱ ከሆነ፣ ቀድሞ ኮምፓይል ስለተደረገ በሲኤስአይም ውስጥ ይፈጥናል። የሚዘገየው የራሳችሁ ኮድ ነው።

እንቁላሉ ፕሮግራሙ ውስጥ እንዲገባ ከፈለጋችሁ ሲኤስሲን «-ስታቲክ» ብላችሁ እዘዙት። ፋይሉ ይወፍራል፣ ግን አብሯችሁ ይሄዳል። እንቁላሉ እንደ ኤስኪውላይት ያለ የሲ ላይብረሪ የሚጠራ ከሆነ ግን ያንን ለብቻው ማሰብ አለባችሁ። ቺክን 5 ከወጣበት ከ2018 ወዲህ ደግሞ ጉዳዩ የሁሉም ሆኗል፦ ድሮ ከቺክን ጋር አብሮ ይመጣ የነበረው የሊስት ላይብረሪ፣ ኤስአርኤፍአይ-1፣ ራሱ እንቁላል ሆኖ ወጥቷል። እኔ ፕሮግራም ለሰው ከመስጠቴ በፊት ቺክን በሌለበት ማሽን ላይ አንዴ ከፍቼ አየዋለሁ።