ነቀዝን በአመድና በማዕድን ዱቄት መከላከል ይቻላል

በበቆሎ አምራች አካባቢዎች በግንቦት ወር ጎተራ ሲከፈት ብዙ ጊዜ የሚታየው ያው ነው። ከላይ ሲያዩት ሙሉ የሚመስለው እህል በእጅ ሲዘገን ይቀላል፤ ፍሬው ተቦርቡሯል፤ ከሥሩም ዱቄት ተከማችቷል። ይህን የሚፈራ ገበሬ በቆሎውን በኅዳርና በታኅሣሥ በርካሽ ይሸጥና በሐምሌና በነሐሴ ለቤተሰቡ ቀለብ በውድ ይገዛል። እንግዲህ ነቀዝ እህሉን ሳይነካው ገና አክስሮታል ማለት ነው።

ነቀዝ የሚገባው በጎተራ ብቻ አይደለም። ክንፍ ስላለው ከአሮጌ እህል ተነሥቶ ሰብሉ ገና በማሳ ሳለ ይደርስበታል። ሴቷ ፍሬውን በአፏ ቦርቡራ እንቁላሏን ታኖርና ቀዳዳውን ትደፍነዋለች። አንዲቷ ብቻ በዕድሜዋ ከ100 በላይ እንቁላል ልትጥል ትችላለች። በሞቃት ሥፍራ በ5 ሳምንት ገደማ አዲሱ ነቀዝ ፍሬውን በስቶ ይወጣል።

ለዚህ ጠላት አንዱ መከላከያ በየቤቱ ምድጃ ይገኛል። ይኸውም አመድ ነው። የነቀዝ ገላ እርጥበቱን አምቆ የሚይዝ ስስ የሰም ልባስ አለው። ደቃቅና ደረቅ ዱቄት ይህን ሰም ሲፍቀውና ሲመጥጠው ነቀዙ ደርቆ ይሞታል። አመድ በፍሬዎች መካከል ያለውን ክፍተት ስለሚሞላም ነቀዙ እንደልቡ አይንቀሳቀስም። ጤፍን ከበቆሎ ጋር ቀላቅለው የሚያስቀምጡ ገበሬዎችም የሚጠቀሙት በዚሁ ዘዴ ነው።

አመዱ የእንጨት፣ የቀዘቀዘና በወንፊት የተነፋ መሆን አለበት። ለአንድ ኩንታል በቆሎ 5 ኪሎ ገደማ ተለክቶ ከእህሉ ጋር በሚገባ ይታሸል። ከላይ ብቻ መነስነስ አይበቃም።

ከአመድ የበረታው ዳያቶማይት የሚባለው ነጭ ማዕድን ነው። በጥንት ሐይቆች ሥር ከተከማቸ የጥቃቅን ሕያዋን ቅሪት የተገኘ ሲሆን፣ በአገራችንም በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች አካባቢ አለ። ለዚሁ ሥራ ተጣርቶ የተዘጋጀው ለኩንታል 100 ግራም ገደማ ይበቃል። ጥሬው ግን እንደየቦታው ስለሚለያይ ማንም ከጉድጓድ ያወጣውን ነጭ አፈር ከምግብ እህል ጋር እንዳይቀላቅል ማስገንዘብ ያስፈልጋል።

ዱቄቱ የሚሠራው በደረቅ እህል ላይ ብቻ ነው። ድርቀቱን ለማወቅ በደረቅ ጠርሙስ ጥቂት እህልና አንድ እፍኝ ደረቅ ጨው ጨምሮ መነቅነቅና 15 ደቂቃ ያህል መጠበቅ ነው። ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ከተጣበቀ እህሉ እንደገና ፀሐይ ላይ ይሰጣ።

ሌላው ጉዳይ ጊዜው ነው። ዱቄቱ በፍሬው ውስጥ ያለውን ትል አያገኘውም። ስለዚህ የሚቀላቀለው እህሉ እንደተወቃና እንደደረቀ እንጂ ነቀዙ ከበዛ በኋላ አይደለም። ሲቀላቅሉ አፍና አፍንጫን በጨርቅ መሸፈን፣ ከማስፈጨት በፊትም እህሉን ማበጠርና ማጠብ ይገባል። በአንፃሩ ከገበያ የሚገዛው የፎስፊን ክኒን የሚያወጣው ጋዝ ሰው በሚተኛበት ቤት ቤተሰብን የሚፈጅ መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

የማኅበር መሪዎች ድርሻ እዚህ ላይ ነው። አንዱ ጎተራውን አጽድቶ ጎረቤቱ አሮጌውን እህል ከነነቀዙ ቢተወው ድካሙ ከንቱ ይሆናል። ስለሆነም አባላት ከመከር በፊት ተሰብስበው ጎተራቸውን በአንድ ሳምንት ጠርገው ጥራጊውን እንዲያቃጥሉ፣ በነቀዝ የተበላውንም አሮጌ እህል ከአዲሱ እንዳይቀላቅሉ ቢደረግ ይበጃል። በአንድ አባል ቤት ደግሞ አንዱን ኩንታል በአመድ፣ ሌላውን ያለ አመድ አስቀምጦ በየወሩ በአባላት ፊት መክፈት ከብዙ ንግግር ይልቅ ያስተምራል። አመዱ እስከ መከር ይጠራቀም፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።