ከማውንት ቤከር አዲስ አበባ፦ ቀንና ሌሊት ሲገለበጡ የሰውነት ሰዓት የሚሄድበት መንገድ

በሲያትል ደቡብ ምሥራቅ፣ በዋሽንግተን ሐይቅ ምዕራባዊ ዳርቻ ከሚገኘው የማውንት ቤከር ሰፈርና ከአካባቢው ተነሥቶ ለገና፣ ለጥምቀት፣ ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ኢትዮጵያዊ የሚሻገረው የሰዓት ልዩነት ሰው ሊሻገር ከሚችለው ሁሉ ትልቁ ለመሆን ጥቂት ብቻ የቀረው ነው። ልዩነቱ ከጥቅምት ማብቂያ እስከ የካቲት ማብቂያ ገደማ 11 ሰዓት፣ በቀሩት ወራት ደግሞ 10 ሰዓት ሲሆን፣ በታኅሣሥ ወር በማውንት ቤከር ከቀኑ 7 ሰዓት ሲሆን በአዲስ አበባ እኩለ ሌሊት ነው። በዚህ ምክንያት ለአጭር የምሥራቅ ጉዞ የሚሰጠው የተለመደ ምክር፣ ማለትም ከመነሣት በፊት ባሉት ቀናት ቀደም ብሎ መተኛት፣ ለዚህ መንገደኛ ተስማሚ አይደለም።

የሰውነት ሰዓት የሚባለው ከዓይን ነርቮች መገናኛ በላይ፣ ሃይፖታላመስ በተባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ የሚገኙ 20,000 ያህል የነርቭ ሴሎች ስብስብ ነው። እነዚህ ሴሎች የሙቀትን፣ የሆርሞንንና የንቃትን መውጣትና መውረድ የሚመሩት በውስጣቸው ያሉ ጂኖች በየዕለቱ እየበሩና እየጠፉ በሚፈጥሩት ዑደት ሲሆን፣ የዑደቱን አሠራር የገለጡት ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮስባሽና ማይክል ያንግ በ2017 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። የሰው ዑደት በአማካይ ከ24 ሰዓት በጥቂት ደቂቃዎች ስለሚረዝም በየቀኑ መስተካከል ያስፈልገዋል፤ ዋናው አስተካካይም ሜላኖፕሲን የተባለ ቀለም ያላቸው የዓይን ሬቲና ሴሎች የሚቀበሉት ብርሃን ነው። ጄት ላግ የሚባለው መታወክ እንግዲህ ይህ የውስጥ ሰዓት አውሮፕላኑን ሊከተል ባለመቻሉ የሚመጣ ነው፤ ተጓዡ ቢደርስም ሰዓቱ ገና በመንገድ ላይ ነው።

የብርሃን ውጤት ግን እንደሚታይበት ሰዓት ይለያያል። የሰውነት ሙቀት እጅግ ዝቅ የሚለው ከተለመደው የመንቂያ ሰዓት ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ሲሆን፣ ከዚያ ነጥብ በፊት ባሉት ሰዓታት የሚታይ ብርሃን ዑደቱን ወደ ኋላ ያዘገየዋል፣ ከነጥቡ በኋላ የሚታየው ደግሞ ያስቀድመዋል። በሲያትል ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኝቶ ከጠዋቱ 1 ሰዓት የሚነሣ ሰው ነጥቡ ከሌሊቱ 10 ሰዓት አካባቢ ነው፤ ይህም በታኅሣሥ አዲስ አበባ ላይ ከቀኑ 9 ሰዓት ሆኖ ይገኛል፣ እንግዳ ተቀባዮች ምሳ አንሥተው ቡና በሚያፈሉበት ሰዓት ማለት ነው። ነጥቡ ወደ አዲስ አበባ ሌሊቱ 10 ሰዓት ለመድረስ ወይ 11 ሰዓት መቅደም ወይ 13 ሰዓት መዘግየት አለበት። ሰውነት በቀን አንድ ሰዓት ያህል ሲቀድም አንድ ሰዓት ተኩል ያህል መዘግየት ስለሚችል፣ ረጅም የሚመስለው የመዘግየት መንገድ ዘጠኝ ቀን ገደማ፣ አጭር የሚመስለው ደግሞ 11 ቀን ይፈጃል።

ስለዚህ ለዚህ ጉዞ ከመነሣት በፊት ባሉት ሁለት ሦስት ቀናት ትንሽ እየዘገዩ መተኛትና መነሣት ይበጃል። አዲስ አበባ ከተደረሰ በኋላም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከረፋድ እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ፀሐይ መሞቅ፣ ከዚያ እስኪመሽ በጥላ መቀመጥ ወይም ጥቁር መነጽር ማድረግ፣ ይህንንም ድንበር በየቀኑ አንድ ሰዓት ያህል ወደ ኋላ መግፋት ዑደቱን በትክክለኛው አቅጣጫ ይነዳዋል። የቡና ነገር ግን ጥንቃቄ ይሻል፤ ካፌይን ግማሹ ከደም እስኪወጣ አምስት ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ፣ የማታውን ቡና እስከ ሦስተኛው ሲኒ የሚጠጣ መንገደኛ ሌሊቱን ነቅቶ ቢያሳልፍ አያስደንቅም፤ በአክብሮት ይቅርብኝ ቢል ዘመድም ይረዳዋል።

ከባሕር ወለል እምብዛም ከፍ ከማይለው ሲያትል የተነሣ ሰው ሌላም ሸክም አለበት። የአብዛኞቹ አውሮፕላኖች የውስጥ አየር እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ካለው ቦታ አየር ጋር የሚመጣጠን ሲሆን፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2012 እ.ኤ.አ. ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው ቦይንግ 787 ደግሞ ወደ 1,800 ሜትር ዝቅ ያደርገዋል። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ተጓዡ ከአውሮፕላኑ ሲወርድ የአየሩ ስስነት አይተወውም፤ በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች የሚሰማው ራስ ምታትና የተቆራረጠ እንቅልፍ ሁሉ ከሰዓቱ ለውጥ የመጣ ነው ማለት አይቻልም።

በአንጎል ውስጥ ያለው የፓይንያል ዕጢ በጨለማ የሚያመነጨው ሜላቶኒን በአሜሪካ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጣል። በ2002 እ.ኤ.አ. በኮክሬን የታተመ ግምገማ ከመረመራቸው አሥር ሙከራዎች በዘጠኙ፣ በደረሱበት አገር የመኝታ ሰዓት የተወሰደ ሜላቶኒን ጄት ላግን ቀንሷል፤ ከ0.5 እስከ 5 ሚሊግራም ያለውም መጠን በቂ ሆኖ ተገኝቷል። ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስዱና የሚጥል በሽታ ያለባቸው ግን ሐኪም ሳያማክሩ ሊወስዱት አይገባም። ለሦስት ወይም ለአራት ቀን ለለቅሶ የሚሄድ ሰው ደግሞ ሰዓቱን ለመለወጥ ባይደክም ይሻላል፤ የሰውነቱ ሌሊት በሚያርፍበት ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት እንኳ ቢተኛ ይጠቀማል።

መመለሱ በአንጻሩ ይቀላል፣ ምክንያቱም ነጥቡ 11 ሰዓት ብቻ መዘግየት ስላለበት ሳምንት ያህል ይበቃዋል። ችግሩ በታኅሣሥ የሲያትል ፀሐይ ከቀኑ 10 ሰዓት ከ20 ገደማ መጥለቋ ነው፤ ሆኖም ደመናማም ቢሆን የውጭ ብርሃን ከቤት አምፖል እጅግ ስለሚበልጥ፣ ከምሳ በኋላ በሐይቁ ዳር በእግር መሄድ ትልቅ እርዳታ ነው። በአዲስ አበባ ሰዓት የተላመደ ሰው እጅግ የሚደክመው በሲያትል ከቀኑ 11 ሰዓት፣ ሠራተኛው ሁሉ ወደ ቤቱ በሚነዳበት ሰዓት ስለሆነ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በዚያ ሰዓት መሪ ከመያዝ ይልቅ ወደ ማውንት ቤከር ጣቢያ የሚያደርሰውን ባቡር መሳፈር ይገባዋል።